ዋስትናው ካለቀ በኋላ ውድ ዕቃ ሲበላሽ ገዢዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዋስትናው ባለቀ በጥቂት ወራት ሲበላሽ ብዙ ሰው የሚያደርገው ተመሳሳይ ነው። ሻጩ ጋ ይደውላል። «ጊዜው አልፏል» ይባላል። ስልኩን ይዘጋና አዲስ ዕቃ የሚገዛበትን ገንዘብ ማሰብ ይጀምራል። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል መብታቸው ገና ያልተነካ አሉና። ገንዘባቸውን ያጡት ሕጉ ስለከለከላቸው ሳይሆን ስላልጠየቁ፣ ወይም ሲጠይቁ ማስረጃቸው ከእጃቸው ስለወጣ ነው።

የዋስትናውን ቀን የመብት ማብቂያ አድርጎ መቁጠር

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

ከዕቃው ጋር የሚሰጠው የዋስትና ወረቀት አምራቹ ወይም ሻጩ በፈቃዱ የገባው ቃል ነው። አንድ ዓመት ሊለው ይችላል፣ አምስትም ሊለው ይችላል። በብዙ አገሮች ግን ከዚህ ወረቀት ውጭ ሕጉ ራሱ በሻጩ ላይ የሚጥለው ግዴታ አለ። የተሸጠው ዕቃ ለታሰበለት ሥራ የሚሆን፣ ጥራቱ የሚያጠግብና በአግባቡ ከተያዘ ተገቢውን ዕድሜ የሚያገለግል መሆን አለበት። ወረቀቱ ጊዜው ስላለፈ ብቻ ይህ ግዴታ አይሰረዝም።

ርዝመቱ ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ዕቃው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው። ስፔን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 3 ዓመት አሳድጋዋለች። በኖርዌይ ረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ ለተሠሩ ዕቃዎች ቅሬታ ማቅረቢያው 5 ዓመት ነው። በእንግሊዝ ጉዳዩን እስከ 6 ዓመት፣ በስኮትላንድ እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። ይህ ማለት ግን ማንኛውም ዕቃ 6 ዓመት መኖር አለበት ማለት አይደለም። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሕጎች ደግሞ ቁጥር አይጠቅሱም። «ለዚህ ዓይነት ዕቃ፣ በዚህ ዋጋ፣ ምክንያታዊው ዕድሜ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። በየትኛውም አገር ብትኖሩ ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ውይይቱን ወደዚህ ሳቡት። ውድ ማጠቢያ ማሽን በሦስተኛ ዓመቱ ኩሽኔታው ተበልቶ ቢጮህ፣ ይህ ተራ እርጅና ነው ብሎ ማሳመን ለሻጩም ይከብደዋል። በተቃራኒው ለዓመታት ሲከፈትና ሲዘጋ የኖረ የፍሪጅ በር ጎማ ቢላላ፣ ያ በአገልግሎት የሚመጣ ነው። የአገራችሁን የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ግን ፈልጋችሁ አንብቡ። ጊዜው አጭር የሆነባቸው አገሮችም አሉ፤ ያንንም ቀድሞ ማወቅ ከልፋት ያድናል።

ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት

ማሽኑ ሲቆም የመጀመሪያው ስሜት ቶሎ ይሠራ ነው። ቴክኒሻን ይጠራል፣ ይፈታል፣ ቦርድ ይቀየራል፣ አሮጌው ቦርድ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ጋ ሲኬድ የሚታይ ነገር የለም። «ማን እንደነካካው በምን አውቃለሁ?» ቢል መልስ አይገኝም።

ሕጉ በማስረጃ ጉዳይ ጊዜን ይከፋፍላል። በአውሮፓ ኅብረት በመጀመሪያው 1 ዓመት፣ በእንግሊዝ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ብልሽት ከታየ፣ ጉድለቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ ይገመታል። ዕቃው ሲሸጥ ደህና ነበር የሚለውን ማስረዳት የሻጩ ሥራ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን ሸክሙ ወደ ገዢው ይዞራል። ዋስትናው ያለቀበት ሰው በአብዛኛው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ማስረጃ ለእሱ ሁሉ ነገር ነው።

ስለዚህ ማንም ሳይነካው በፊት ቪዲዮ ቅረጹ። ድምፁን፣ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን የስህተት ኮድ፣ ውሃው የሚፈስበትን ቦታ አንሱ። የሞዴልና የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ምልክትም አንሱ፤ ብዙ ጊዜ በበሩ ውስጠኛ ጠርዝ ወይም በጀርባው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ለሻጩ አሳውቁና እንዲያየው ዕድል ስጡት። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ከሻጩ ጋር ግንኙነት የሌለው ቴክኒሻን ጥሩና ግኝቱን በጽሑፍ ጠይቁት።

ጽሑፉ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብቻ ካለ ብዙም አይረዳም። ለምን ተቃጠለ? በኃይል መዋዠቅ ነው? እርጥበት ገብቶበት ነው? ወይስ አንድ ደካማ መለዋወጫ ከሚገባው በላይ ሲሞቅ ኖሮ? የመጀመሪያው ከሆነ ሻጩን መክሰስ አያዋጣም፤ የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ካላችሁ መሄድ ያለባችሁ ወደዚያ ነው። የመጨረሻው ከሆነ ግን የአሠራር ጉድለት ነው፣ ጥያቄያችሁም ጠንካራ መሠረት ያገኛል። አንድ ገጽ በቂ ነው። ቀን፣ ስም፣ ፊርማ፣ የመለያ ቁጥርና ምክንያት ይኑረው። የተቀየረውን ዕቃ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ደረሰኝም ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት የሚታተመው ወረቀት በጊዜ ብዛት ይደበዝዛል። በገዛችሁበት ቀን በስልክ ፎቶ አንሱት። ከጠፋም ተስፋ አትቁረጡ። የባንክ መግለጫ ወይም የትዕዛዝ ማረጋገጫ ኢሜይል በብዙ ቦታ ይሠራል።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ሻጭ «ለአምራቹ ደውሉ» ይላል። አምራች «ዋስትናው አልቋል» ይላል። ገዢው መሃል ላይ ይቀራል።

የሽያጭ ውሉን የፈረመው ሻጩ ነው። በአውሮፓም ሆነ በእንግሊዝ ሕጋዊው ኃላፊነት መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ወደ አምራቹ ሊልካችሁ መብት የለውም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ አምራቹንም በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። ለሻጩ በትህትና «ገንዘቤን የከፈልኩት ለእናንተ ነው፤ ከአምራቹ ጋር እናንተ ተነጋገሩ» ማለት በቂ ነው።

በስልክ ብቻ መነጋገር

የስልክ ንግግር ይረሳል። ያነጋገራችሁ ሠራተኛም ነገ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል። ጻፉ። የተገዛበት ቀን፣ ብልሽቱ የታየበት ቀን፣ የቴክኒሻኑ ግኝት፣ የምትፈልጉት መፍትሔና መልስ የምትጠብቁበት ቀን ይኑርበት። ቁጣ አይግባበት።

ችግሩን እያዩ መቆየት

ማሽኑ «ትንሽ» ድምፅ ጀምሯል፣ ፍሪጁ «ትንሽ» በረዶ ይሠራል፣ እስኪ ይታይ ይባላል። ወራት ያልፋሉ። ይህ በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ብዙ ሕጎች ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትዘገዩ እንድታሳውቁ ይጠብቃሉ። ሁለተኛ፣ ትንሹ ብልሽት ትልቁን ያመጣል። የተበላ ኩሽኔታ ይዞ መሥራት ከበሮውን ሊያበላሽ ይችላል፤ ያኔ ሻጩ «እናንተ ናችሁ ያባባሳችሁት» ቢል ውሸት አይሆንም።

የማይገባውን መጠየቅ

ለአራት ዓመት የተጠቀማችሁበትን ማሽን «በአዲስ ቀይሩልኝ፣ ካልሆነ ሙሉ ገንዘቤን» ብሎ መጀመር በር ያዘጋል። አብዛኛው ሕግ መጀመሪያ ጥገና ወይም ቅያሪ ይላል። ገንዘብ መመለስ ቢመጣም የተጠቀማችሁበት ጊዜ ሊቀነስ ይችላል። ነፃ ጥገና፣ የጥገናውን ግማሽ ወጪ መሸፈን፣ ወይም ለቀሪው ዕድሜ የሚመጥን ገንዘብ ብትጠይቁ የመሳካት ዕድላችሁ በጣም ይሰፋል። ፍትሐዊ ጥያቄ ይዞ የሚመጣን ሰው ዳኛም ሆነ ሻጭ ጆሮ ሰጥቶ ይሰማዋል።

ዕቃው በአምራቹ የተጠራ መሆኑን አለማየት

ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ የሸጠውን ዕቃ ለማስተካከል መልሶ መጥራቱ፣ ከዋስትና ጋር ግንኙነት የለውም። አምራች ለደህንነት አደገኛ የሆነ ጉድለት ሲያገኝ ዕቃውን በነፃ ያስተካክላል፣ ይቀይራል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። በኖቬምበር 2016 እ.ኤ.አ. ሳምሰንግ በአሜሪካ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ከላይ የሚከፈቱ ማጠቢያ ማሽኖችን ጠርቷል፤ የላይኛው ክፍላቸው በሥራ ላይ ሊነቀል ይችል ነበርና። በአምራቹ ድረ ገጽ የሞዴልና የመለያ ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ማየት ደቂቃዎች ይፈጃል። ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባችሁ ደህንነት ስትሉ አድርጉት።

«አይጠገንም» የሚለውን እንዳለ መቀበል

ፍሪጅ አላቀዘቅዝም ሲል ብዙዎች ኮምፕሬሰሩ ሞቷል ብለው ይደመድማሉ። ችግሩ ግን ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሪሌይ፣ የማይዞር ፋን ወይም የሙቀት መለኪያው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ከኮምፕሬሰር ጋር የማይወዳደር ዋጋ ያላቸው ናቸው። ሁለተኛ ቴክኒሻን ጠይቁ።

«መለዋወጫ የለም» ሲባልም አጣሩ። በአውሮፓ ኅብረት ከማርች 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ለገቡ ማጠቢያ ማሽኖች ዋና ዋና መለዋወጫዎች የሞዴሉ ሽያጭ ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት መገኘት አለባቸው። ለፍሪጅ ቴርሞስታትና ቦርድ 7 ዓመት፣ ለበር ጎማ 10 ዓመት ነው። አዲሱ የጥገና መብት መመሪያ ደግሞ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ጁላይ 31 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። በእሱ መሠረት አምራቾች የሽያጩ ሕጋዊ ኃላፊነት ካበቃ በኋላም እንደ ማጠቢያ ማሽንና ፍሪጅ ያሉትን በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግኑ ይገደዳሉ።

በመጀመሪያው «እምቢ» ማቆም

የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጣችሁ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የመወሰን ሥልጣን የለውም። ኃላፊውን ጠይቁ። ቀጥሎ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ፤ በብዙ አገር ቅሬታ ማቅረብ ነፃ ነው። ከዚያም ጠበቃ የማያስፈልግባቸው የአነስተኛ ክርክር ችሎቶች አሉ። በክሬዲት ካርድ የከፈለም የካርዱን ባንክ ይጠይቅ። በእንግሊዝ ሕግ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ባንኩ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ይህ በተለይ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ ከጠፋ ይጠቅማል፤ ያኔ የቴክኒሻኑን ወረቀትና የጻፋችኋቸውን ደብዳቤዎች ለባንኩ ታያይዛላችሁ።