መንገድ ዳር ያለ ፏፏቴ፦ የት ማቆም፣ እስከ የት መጠጋት፣ መቼ መመለስ

በተራራ መንገድ ኩርባውን ስትዞሩ ድንገት ነጭ ውሃ ከገደሉ ሲወርድ ታያላችሁ። የሚያደክም የእግር ጉዞ የለም፤ መኪና አቁሞ መውረድ ብቻ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ፏፏቴ ለማየት ሁለት ሰዓት በእግሩ የሚጓዝ ሰው ጫማውን መርጦ፣ ስለ ዝናቡ ጠያይቆ ይነሳል። መንገድ ዳር ያገኘው ግን በሸበጥ፣ በአንድ እጁ ልጁን በሌላው ስልኩን ይዞ ይወርዳል። ውሃውና ድንጋዩ ግን ያው ናቸው። እኔም አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ እስክቀር ድረስ እንደዚያው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በሚከተለው መንገድ ነው የምሄደው።

መኪናውን ማቆም

ኩርባ ላይ ወይም ኩርባውን እንዳለፋችሁ ወዲያው አታቁሙ። ከኋላ የሚመጣው ሹፌርም ዓይኑ ወደ ፏፏቴው ነው። አልፋችሁ ሂዱ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ ከሩቅ የምትታዩበት ሰፊ የመንገድ ትከሻ ስታገኙ አቁሙና በእግር ተመለሱ። ድልድይ ላይ በፍጹም አይቆምም። ገደሉ ስር ስብራቱ ነጣ ያለ፣ አቧራ ያልለበሰ ድንጋይ ካያችሁ ከላይ ገና በቅርቡ የወረደ ነውና ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የእጅ ፍሬንን ብቻውን አላምነውም። ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገቡ። መኪናው ቢንሸራተት እንኳ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው እንዲሄድ አድርጋችሁ መሪውን አዙሩ፣ ጎማውንም ታኮ አድርጉበት።

ውሃውን ማየት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ እኔንም ያስቀረኝ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከወንዙ ማዶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት የሚያሳይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ተሻገርኩና ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ዞር ስል እየረገጥኩ የመጣሁባቸው ድንጋዮች የሉም። ውሃው ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። ባለቤቴ መንገዱ ዳር ቆማ ስትጮህ አያታለሁ፣ ግን ከፏፏቴው ድምፅ የተነሳ አንድም ቃል አልሰማም። ለመመለስ ሞከርኩ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ውሃው እግሬን ከስር ጠለፈኝ፤ አንድ ቋጥኝ ይዤ እንደምንም ወደነበርኩበት ወጣሁ። ውሃው እስኪጎድል ድረስ በረጠበ ልብስ 3 ሰዓት ያህል ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልጄ ያን ሁሉ ጊዜ ማዶ ሆኖ ያየኝ ነበር።

ስህተቴ ሰማዩን ከራሴ በላይ ብቻ ማየቴ ነው። ፏፏቴው ውሃ የሚሰበስበው ከእኛ ከማይታየን ከተራራው ጀርባ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ከዘነበ ደራሹ እዚህ ፀሐይ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ደመና የሚፈለገው ውሃው ከሚመጣበት በኩል ነው። እዚያ ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ ፏፏቴውን ከመንገዱ ሆናችሁ እዩት።

ከወረዳችሁም ውሃው ጠርዝ ላይ አንድ ደረቅ ድንጋይ ምረጡና በየጥቂት ደቂቃው እዩት። ድንጋዩ ከረጠበ፣ ጥርት ያለው ውሃ ከደፈረሰ፣ ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ ወይም ድምፁ ከበረታ አንዱ ብቻ ይበቃል፣ ውጡ። ስትወጡም በወንዙ ዳር ቁልቁል አትሩጡ፤ ወደ ከፍታው ውጡ።

«እስከ ጉልበት አይደርስም እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፣ 30 ሳንቲ ሜትሩ ትንሽ መኪና ይወስዳል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የደፈረሰ ውሃ ደግሞ እግራችሁ የሚያርፍበትን ይደብቃል። ከተሞላባችሁ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ያልተሳካው የመሻገር ሙከራዬ ከ3 ሰዓቱ ጥበቃ በላይ ሊያስከፍለኝ ነበር።

ድንጋዩ ላይ መራመድ

ሁልጊዜ ርጭት የሚያገኘው ድንጋይ ስስ አልጌ ይለብሳል። አረንጓዴው ያስታውቃል፤ የሚያሳስተው እርጥብ ብቻ የሚመስለው ጥቁሩ ነው። ክብደታችሁን ሳትጥሉ መጀመሪያ በጫማችሁ ጫፍ ፈትሹት። ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ይቅር። ስልኩን ኪስ ከትቶ እጅን ነፃ ማድረግ፣ ፎቶ ሲያነሱ ደግሞ መቆም። ሶሉ ለስላሳ ጎማና ጥርስ ያለው ጫማ ጥሩ ነው። ባዶ እግርን የሚመርጡ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ቀዝቃዛው ውሃ እግርን ስለሚያደነዝዘው የረገጡትን አያሳውቅም። ጠንካራ በትር ግን ከየትኛውም ጫማ በላይ ረድቶኛል።

ወደ ፏፏቴው አናት አትውጡ። እዚያ የሚያዳልጠው ሰው የሚይዘው ነገር የለውም።

መዋኘት

የሚወርደው ውሃ ስር አልገባም፣ ልጆቼንም አላስገባም። ከላይ ድንጋይና ግንድ አብሮ ይመጣል። ነጭ ሆኖ የሚፈላው ውሃ በአየር አረፋ የተሞላ በመሆኑ እንደ ሌላው ውሃ ሰውን አያንሳፍፍም፤ አዙሪቱም ወደ ግድግዳው መልሶ ይጎትታል። ቅዝቃዜውም አለ። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል፣ ድንገት የገባበት ሰውም ሳይወድ አየር ይስባል። ያኔ ጭንቅላቱ ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። እግር መንከር ለሚፈልግ ከታች፣ ወራጁ የሚረጋበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ይበቃል።

ፎቶና ቀስተ ደመና

ቀስተ ደመና የምታዩት ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ነው፤ ከራሳችሁ ጥላ 42 ዲግሪ ያህል ርቆ ርጭቱ ላይ ይታያል። ስለዚህ ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል። ሌንሱን ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ጥረጉ። ውሃውን ጥጥ የሚያስመስለው ፎቶ ከሩብ ሰከንድ እስከ 1 ሰከንድ ተጋልጦ የሚነሳ ነው፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎም ይሠራል። እኔ ግን ጠብታው ለብቻው የሚታይበትን እመርጣለሁ፣ የውሃው ኃይል ያኔ ይታወቃል።

ስትመለሱ

ሹፌሩ መኪና ከመግባቱ በፊት የጫማውን ሶል አድርቆ ይጥረግ፤ የረጠበ ጫማ ከፍሬን ፔዳል ላይ ይንሸራተታል፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይም አንስታችሁ ከመንገዱ አርቁት፣ ማታ የሚመጣው ሹፌር አያየውም።