ሽሪምፖቼን ይገድል የነበረው ችኮላዬ ነው

እዚህ ጎንደር ቤታችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን ተሽቀዳድሜ የአኳሪየሙን (የመስታወት ገንዳውን) ግማሽ ውሃ እቀይር ነበር። በማግስቱ ገንዳው ውስጥ ከማረባቸው ቼሪ ሽሪምፖች (ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ ቀይ የውሃ እንስሳት) ሁለት ሦስቱን ሞተው አገኝ ነበር። ጀርባቸው ላይ ነጭ ቀለበት ነበረ። መጀመሪያ ምግቡን ጠረጠርኩ። ለካ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲቀየር ቅርፊታቸውን ያለጊዜው መጣል ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ከቅርፊቱ መውጣት ግን ያቅታቸዋል። የቧንቧ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ውሃውን በባልዲ፣ ሳልከድን፣ ቤት ውስጥ 24 ሰዓት አቆየዋለሁ። ክሎሪኑ ይተናል፣ ቅዝቃዜውም ይለዝባል። ከዚያ በሳምንት 10 በመቶ ብቻ፣ በግሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግኩ እጨምራለሁ። እናቴ «ለትል ይኼ ሁሉ?» ብላ ትስቃለች። የጣሉትን ቅርፊትም አላወጣም፤ ለካልሲየሙ መልሰው ይበሉታል።

ሁለት ወር ሆነኝ፣ አንድም አልሞተም። ትናንት እንቁላል የያዘች አየሁ።