ኤስኤቲ ወይስ ቶፍል? ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክቱ ተማሪዎች

በድሬዳዋ ተማሪዎችን ሳማክር ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ኤስኤቲ ልፈተን ወይስ ቶፍል?» የሚል ነው። አንዱ ግን ሌላውን አይተካም፤ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ የሚያገለግሉት ኤስኤቲና ኤሲቲ የማንበብና የሒሳብ ችሎታን ሲመዝኑ፣ ቶፍል፣ አይኤልትስና ዱሊንጎ የሚለኩት የእንግሊዝኛ ብቃትን ነው። ስለዚህ ፈተና ከመምረጥ በፊት የሚያመለክቱባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር በወረቀት ማስፈርና የእያንዳንዱን ደንብ ከራሱ ድረ ገጽ ማንበብ ይቀድማል።

ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ በእጅጉ ይለያያል። ከአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኤምአይቲ በ2022 እ.ኤ.አ.፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሐርቫርድ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲን እንደገና ግዴታ ለማድረግ ወስነዋል፤ ኮሎምቢያ ምርጫውን ለአመልካቹ ሲተው፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱ ቢላክለትም ለቅበላ አይመለከተውም። ሐርቫርድ እነዚህን ፈተናዎች ማግኘት ለማይችል አመልካች በልዩ ሁኔታ የአገር አቀፍ መልቀቂያ ፈተና ውጤትን ይቀበላል። ሆኖም የፈተና ጣቢያ መድረስ የሚችል ተማሪ በዚህ ልዩ ሁኔታ እንዲተማመን አልመክርም።

ከኤስኤቲና ከኤሲቲ ዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱን አያስበልጡም፤ እኔ ግን ኤስኤቲን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሙሉ የልምምድ ፈተናዎች ፈተናው ራሱ በሚሰጥበት ብሉቡክ በተባለው መተግበሪያ፣ ትምህርቱ ደግሞ ካን አካዳሚ በተባለው የትምህርት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። ፈተናው 98 ጥያቄዎች አሉት፣ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል፣ የሚታረመውም ከ1600 ነው። የማንበቡም የሒሳቡም ፈተና እያንዳንዳቸው በሁለት ክፍል የሚሰጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል ውጤት የሁለተኛውን ክፍል ክብደት ስለሚወስን መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ አንድም ጥያቄ ባዶ መተው አይገባም።

ብዙ ጊዜ ችላ የሚባለው የስም ጉዳይ ነው። አንዲት የሳቢያን ሰፈር ተማሪ ይዛ በመጣቻቸው ሰነዶች ላይ የአባቷ ስም «መሐመድ» በትራንስክሪፕቱ መሀሉ ላይ በአንድ «ኤም»፣ በፓስፖርቱ ደግሞ በሁለት «ኤም» ተጽፎ አገኘሁ። ለእኛ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ በፈተና ጣቢያው በር ላይ ስምን ከመታወቂያ ጋር ለሚያመሳክር ሰው ግን ጥያቄ ያስነሳሉ። ስለሆነም አስቀድሞ ፓስፖርት ማውጣት፣ ከዚያም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል እያዩ መመዝገብ ይገባል። የትራንስክሪፕቱ አጻጻፍ የሚለይ ከሆነ ትምህርት ቤቱ እንዲያስተካክል በጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈተናው በላፕቶፕ ወይም በታብሌት እንጂ በስልክ አይሰጥም። ብሉቡክን ቀደም ብሎ ጭኖ መሞከር፣ የባትሪውንም ጉልበት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት በመሀል ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል፣ ባትሪ ካለቀ ግን አይቀጥልም። በመግቢያ ወረቀቱ ላይ በር የሚዘጋበት ሰዓት 8:00 ተብሎ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። የተመደበው ጣቢያ አዲስ አበባ ከሆነ አርብ ቀን ገብቶ ማደር እንጂ ሌሊቱን በመንገድ ማሳለፍ አይበጅም።

ለእንግሊዝኛው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው ከሆነ፣ ዱሊንጎ ከቶፍልና ከአይኤልትስ በዋጋ ይቀላል፤ ከቤት ሆኖ በ1 ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል። ይሁን እንጂ መብራትና መስመር በማይቆራረጡበት ስፍራ፣ ማንም በሌለበት ክፍል ብቻውን ተቀምጦ መፈተን የግድ ነው።

የቅድሚያ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 22፣ መደበኛው ደግሞ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ኤስኤቲ 11ኛ ክፍል ሳሉ በመጋቢት መውሰድ፣ ካስፈለገም በነሐሴ መድገም ይቻላል። ሐርቫርድ፣ ዬልና ኤምአይቲ በማመልከቻው ጊዜ ተማሪው ራሱ የሞላውን ውጤት ስለሚቀበሉ፣ ውጤት ለማስላክ የሚከፈለውን ገንዘብ ቅበላ እስኪገኝ ድረስ ማቆየት ይቻላል።