በቤት የሚሠራ የአኳሪየም ሰምፕ፦ መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል?

የሰምፕ አሠራር ሲያዩት ቀላል ነው። ከአኳሪየሙ ሥር ሌላ ገንዳ ታስቀምጣላችሁ፣ ውሃው በቱቦ ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ ፓምፕ ደግሞ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጣጣው የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። እኔ የመጀመሪያዬን ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ ማጣሪያው ላይ ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋና ጠዋት ስነሳ ወለሉ በሙሉ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። ስለዚህ ሙጫና መስታወት ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ።

ፓምፑ ቢቆምም ከላይ ያለው ውሃ መውረዱን ወዲያው አያቆምም። እስከ መውረጃው አፍ ድረስ ይፈሳል። የመመለሻው ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ የተጠለቀ ከሆነ ደግሞ ያው ቱቦ ውሃውን ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል፣ አየር እስኪያገኝ ድረስም አይተውም። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም ውሃው በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር 5 ሊትር ይለቃል። 4 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 20 ሊትር ነው፤ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን ሳንቆጥር። ሰምፑ እየሠራ ሳለ ቢያንስ ይህን ያህል ባዶ ቦታ፣ ከዚያም ትንሽ ትርፍ ሊኖረው ይገባል። በልምድ የአኳሪየሙን ሩብ ወይም ሲሶ የሚይዝ ሰምፕ ይበቃል ይባላል። እኔ ግን ቦታው የሚችለውን ትልቁን አስገቡ እላለሁ።

የመመለሻውን ጫፍ ከውሃው ገጽ ብዙ አታጥልቁት። ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ገጽ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችሁ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባና ስበቱ ይቋረጣል። ቀዳዳዋን አልጌ ስለሚደፍናት በየጊዜው ጥረጉ። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ አለ፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። አንዲት ቀንድ አውጣ ወይም ትንሽ ቆሻሻ መሃሉ ከገባች አይዘጋም።

ለመውረጃው ከሁሉም የሚሻለው መስታወቱን በስቶ ቱቦ ማሰር ነው። የአልማዝ ጥርስ ያለው ክብ መሰርሰሪያ ያዙ፣ ውሃ እያርከፈከፋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ቀስ ብላችሁ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ግን ሲበሳ ሙሉ በሙሉ ይረግፋል፤ የብዙ አኳሪየሞች ታችኛው መስታወት እንዲህ ነው፣ ስለዚህ አጣርታችሁ ብቻ ጀምሩ። የመውረጃው ቱቦ ከመመለሻው ሰፋ ይበል፣ አፉ ላይም ዓሣና ቅጠል የሚያግድ ወንፊት ይኑረው። ሳትበሱ በጠርዙ ላይ በሚንጠለጠል ሳይፎን፣ ማለትም ውሃውን በስበት ጠርዙን አሻግሮ በሚያወርድ ቱቦ፣ መሥራትም ይቻላል። ችግሩ አየር ከገባበት መውረጃው ይቆማል፣ ፓምፑ ግን ወደ ላይ መግፋቱን ይቀጥላልና አኳሪየሙ ሞልቶ ይፈሳል። መፍትሔው ሰምፑ ውስጥ ፓምፑ የሚቀመጥበትን ክፍል ትንሽ ማድረግ ነው፦ እዚያ ያለው ውሃ ሁሉ ላይ ቢወጣ እንኳ አኳሪየሙን ሞልቶ እንዳያፈስ። ቱቦው በቆሻሻ ቢደፈንም የሚያድናችሁ ይኸው ስለሆነ መስታወቱን የበሳችሁትም ይህን አትዝለሉት።

አሁን ወደ ውስጡ። ሰምፑን የሚከፋፍሉትን የመስታወት ግድግዳዎች ከሰምፑ ወርድ በጥቂት ሚሊ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ፣ ሲሊኮን መግቢያ ይፈልጋል። ሲሊኮኑ ንጹሕ፣ ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ይሁን፤ ያ መድኃኒት ዓሣ ይገድላል። ቢያንስ 48 ሰዓት አድርቁት። ውሃው መጀመሪያ ስፖንጅ ያግኝ፣ ሻካራው ቀድሞ፣ ደቃቁ ተከትሎ። ቀጥሎ ባክቴሪያ የሚኖርበት ክፍል ነው፦ የሴራሚክ ቀለበት፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ወይም ሳሙና ያልነካው የፕላስቲክ ዕቃ መፈግፈጊያ። ከዚያ ውሃው በአንደኛው ግድግዳ ላይ፣ በሁለተኛው ሥር፣ በሦስተኛው ላይ ያልፋል፤ በግድግዳዎቹ መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተዉ። አረፋው እዚህ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ፓምፑ። ማሞቂያውን ከፓምፑ ጋር አታስቀምጡት፣ የዚያ ክፍል ውሃ ዝቅ ስለሚል ደርቆ ይቃጠላል።

ፓምፑ በሰዓት የአኳሪየሙን ውሃ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ቢያዞር ይበቃል። ለ200 ሊትር ከ800 እስከ 1200 ሊትር ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ውሃ ወደ ላይ ሳይወጣ የተለካ ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከሶኬቱ በታች ረገብ ብለው ተንጠልጥለው ከዚያ ወደ ላይ ይዙሩ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።

ዓሣ ሳታስገቡ በንጹሕ ውሃ ሞክሩት። አስኪዱት፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሰምፑ እስከ የት እንደሚሞላ ቆማችሁ እዩ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። ሳይፈስ ከተረፈ መልሳችሁ አስነሱትና የፓምፑ ክፍል ውሃ የቆመበትን ቦታ በማርከር አስምሩ። አሮጌ ማጣሪያ ካላችሁ ቶሎ አታንሱት፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አብረው ይሥሩ፤ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡትን መርዞች፣ አሞኒያንና ናይትራይትን፣ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪረቡ ነው። ስፖንጁን ስታጥቡም ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡ፣ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

ውሃ ሲተን የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ነው። ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ እየጨመራችሁ ወደ መስመሩ መልሱት። ከመስመሩ ግን አታሳልፉት፤ ያ ባዶ ቦታ መብራት ሲጠፋ ለሚወርደው ውሃ የተተወ ነው።