በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ማደሪያ ሲያመለክቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአገራችን መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ የደረሰው ተማሪ ግቢው ሲገባ ዶርም ይሰጠዋል፤ ማደሪያው ከቅበላው ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ለብቻው የሚያሳስብ ጉዳይ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ግን የትምህርት ቅበላና የማደሪያ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ ማደሪያው የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ቀነ ገደብና በሕግ የሚያስጠይቅ የራሱ ውል አለው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደዚያ የሚሄዱ ተማሪዎችና ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ቤተሰቦች ለቅበላ ደብዳቤው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለማደሪያ ቅጹም ሊያደርጉለት ይገባል፤ ከትምህርት ክፍያው ቀጥሎ ያለው ከባድ የዓመት ወጪ የሚወሰነው በዚህ ቅጽ ነውና።

ቅበላው ማደሪያንም ይጨምራል ብሎ መቀመጥ

ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ተማሪ ማመልከቻውን የሚያስገባው በአብዛኛው ዩካስ በሚባለው ማዕከላዊ የቅበላ ሥርዓት በኩል ነው። ዩካስ ተማሪውን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያገናኛል እንጂ አልጋ አይሰጥም። አመልካቹ ከተቀበሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ቀዳሚ ምርጫው፣ ሌላውን ደግሞ ውጤቱ ካልሞላለት የሚገባበት ተጠባባቂ ምርጫው አድርጎ ካሳወቀ በኋላ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ገብቶ ለማደሪያ በራሱ ማመልከት አለበት። ቅጹ የሚከፈትበትን ቀን በኢሜይል የሚያሳውቁ ዩኒቨርሲቲዎች ቢኖሩም ኢሜይሉ አይፈለጌ መልእክት ውስጥ ገብቶ ሊቀር ስለሚችል፣ ቀኑን ከማደሪያ ቢሮው ገጽ ላይ ፈልጎ መመዝገብ ይሻላል።

አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚኖረው በአብዛኛው በተቀበለው ኮሌጅ ማደሪያ ስለሆነ መመሪያውም ቅጹም የሚመጣው ከኮሌጁ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ አባል ተቋማት ተማሪዎች በጋራ የሚኖሩባቸው ማደሪያዎች አሉ፤ የራሱን ተቋም ሕንፃዎች ብቻ የሚመለከት አመልካች ይህን አማራጭ ሳያየው ያልፋል።

የተገባውን ቃል ከነቅድመ ሁኔታው አለማንበብ

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ክፍል እንደሚያገኙ በድረ ገጻቸው ቃል ይገባሉ። ቃሉ እውነተኛ ቢሆንም የሚጸናው ቅድመ ሁኔታዎቹን ላሟላ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ዩኒቨርሲቲውን ቀዳሚ ምርጫው ማድረግ፣ የማደሪያ ቅጹን ከተቆረጠው ቀን በፊት ማስገባትና የቅበላውን መስፈርት በጊዜው ማሟላት ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲውን በተጠባባቂነት የያዘ ወይም ክሊሪንግ በሚባለው የክፍት ቦታዎች ድልድል ዘግይቶ የገባ ተማሪ ከዚህ ቃል ውጭ ሊሆን ይችላል። ቀነ ገደብን በአንድ ቀን ማሳለፍ ቃሉን ሙሉ በሙሉ ሊያሳጣ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል።

በተጨማሪም ቃል የሚገባው አንድ ክፍል እንደሚገኝ ነው፤ ተማሪው የመረጠው ክፍል እንደሚሰጠው አይደለም። የምርጫ ቦታዎቹን በሙሉ በተፈላጊ ሕንፃዎች ብቻ የሞላ አመልካች አንዱም ሳይሳካለት ሲቀር ቢሮው ከተረፈው ይመድበዋል፤ የተረፈው ደግሞ ውድ ወይም ከመማሪያው የራቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከምርጫዎቹ ቢያንስ አንዱ ኪራዩ ዝቅ ያለና ብዙ ክፍሎች ያሉት ሕንፃ ቢሆን፣ ቅጹ የሚችሉትን ከፍተኛ ኪራይ የሚጠይቅ ከሆነም ቁጥሩ በእርግጥ የሚቻለው ቢሆን ይመረጣል። በጉራ ወይም በይሉኝታ የተሞላ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ ያስከፍላል።

የድልድሉ ዘዴም መታወቅ አለበት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ማመልከቻዎቹን ሁሉ በአንድነት ስለሚደለድሉ ቀድሞ ማስገባት የተለየ ጥቅም የለውም፤ ሌሎቹ ግን ቅድሚያ ለመጣ ቅድሚያ ስለሚሰጡ ቅጹ በሚከፈትበት ሰዓት መገኘት ግድ ነው። በዚያ አገር የበጋ ወራት ብሪታንያ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፤ እዚያ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

ኪራይን በሳምንቱ ዋጋ ብቻ ማወዳደር

በገንዘብ ረገድ ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በብሪታንያ የተማሪ ማደሪያ ኪራይ የሚነገረው በሳምንት ሲሆን የሚከፈለው በውሉ ውስጥ ባሉት ሳምንታት ልክ ነው፤ የውሉ ርዝመት ደግሞ ከሕንፃ ሕንፃ ይለያያል። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውል ብዙውን ጊዜ በ40 ሳምንታት ገደማ ሲሆን፣ የግል ማደሪያዎች፣ በተለይም ወጥ ቤቱም መታጠቢያውም በውስጣቸው ያለ ስቱዲዮ የሚባሉት ክፍሎች፣ እስከ 51 ሳምንታት ሊያስፈርሙ ይችላሉ። ለምሳሌ ያህል አንዱ ክፍል በሳምንት 180 ፓውንድ ለ42 ሳምንታት፣ ሌላው በሳምንት 165 ፓውንድ ለ51 ሳምንታት ቢቀርብ፣ የመጀመሪያው ጠቅላላ 7,560 ፓውንድ፣ ሁለተኛው 8,415 ፓውንድ ይሆናል። ርካሽ መስሎ የታየው ክፍል በ855 ፓውንድ በለጠ ማለት ነው።

ይህ ሲባል ረጅም ውል ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። የአውሮፕላን ቲኬት ውድ በመሆኑ በየዕረፍቱ ወደ ቤቱ መመለስ የማይችል ተማሪ አጭር ውል ከፈረመ፣ ክፍሉን በለቀቀባቸው ሳምንታት የሚያድርበትን ሌላ ቦታ ፈልጎ ለብቻው መክፈል ይኖርበታል። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ አንዱ ተርም፣ ማለትም የትምህርት ወቅት፣ የሚቆየው 8 ሳምንታት ያህል ሲሆን፣ በበርካታ ኮሌጆች ተማሪዎች በተርሞቹ መካከል ክፍላቸውን እንዲለቁ ይጠየቃሉ፤ በዕረፍቱ ለመቆየት የሚፈልግ የውጭ አገር ተማሪ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት አስቀድሞ ነው። እንግዲህ ጥያቄው የሳምንቱ ዋጋ ስንት ነው ብቻ ሳይሆን፣ ውሉ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው፣ የገናንና የፋሲካን ዕረፍት ይጨምራል ወይ የሚለውም ነው።

በዋጋው ውስጥ ምን እንደተካተተም መጠየቅ ይገባል። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች መብራት፣ ውኃ፣ ማሞቂያና ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ በኪራዩ ውስጥ ናቸው፤ የልብስ ማጠቢያ ግን በአብዛኛው ለብቻው ይከፈላል። ምግብ የሚቀርብባቸው ማደሪያዎች ውድ ቢመስሉም ምግብ ማብሰል ለማይችል ወይም ጊዜ ለሌለው ሰው ሊያዋጡት ይችላሉ፤ ሆኖም ያልተበላ ምግብ ገንዘቡ በአብዛኛው ስለማይመለስ፣ ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን የሚጾም ተማሪ የምግብ ሰዓቱና ዝርዝሩ እንዴት እንደሚስተካከልለት ከመምረጡ በፊት ቢጠይቅ መልካም ነው። መታጠቢያ ቤቱን ከሌሎች ጋር መጋራት ብዙዎች የሚሸሹት ነገር ነው፤ እኔ ግን አቅሙ ውስን ለሆነ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው አማራጭ እርሱ ነው እላለሁ፤ ገንዘብ ይቆጥባል፣ ክፍሉም ከወጥ ቤቱና ከጎረቤቶቹ ያን ያህል የተነጠለ አይሆንም።

በግል ቤት የሚከራይ ተማሪ ሁለት ተጨማሪ ወጪዎችን ማጣራት አለበት። ካውንስል ታክስ የሚባለው የቤት ግብር የተማሪ ማደሪያዎችን አይመለከትም፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች የሆኑበት የግል ቤትም ነፃ ነው፤ ነገር ግን የአካባቢው አስተዳደር የተማሪነት ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። የቴሌቪዥን ፈቃድ ደግሞ በማደሪያ ለሚኖር ተማሪም ያስፈልጋል፤ የቀጥታ ሥርጭት ወይም አይፕሌየር የሚባለውን የቢቢሲ የኢንተርኔት ቪዲዮ አገልግሎት በክፍሉ ውስጥ የሚያይ ሰው ፈቃዱን ካልከፈለ በፍርድ ቤት እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

«እቀበላለሁ» የሚለውን ቁልፍ ውሉን ሳያነቡ መጫን

የክፍል ምደባ ሲመጣ ተማሪው ውሳኔውን የሚያሳውቅበት ጊዜ አጭር ነው፤ ጥቂት ቀናት ብቻ የሚሰጡ አሉ። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ሆኖ ቁልፉን የሚጫን ተማሪ ብዙውን ጊዜ ውል መፈረሙን አያስተውለውም። ውሉ ከተጸና በኋላ ክፍሉን ስላልወደደው ወይም ጓደኞቹ ሌላ ቦታ ስለተከራዩ ሊተወው አይችልም፤ ክፍሉን የሚረከበው ሌላ ተማሪ እስኪገኝ ድረስ ኪራዩ በእርሱ ላይ መቁጠሩን ይቀጥላል።

ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ሰው በተለይ ሦስት አንቀጾችን ፈልጎ ማንበብ አለበት፦ ቪዛ ቢከለከል፣ የሚፈለገው ውጤት ሳይሞላ ቢቀር፣ ትምህርቱን አቋርጦ ቢወጣ ምን ይሆናል? ብዙ ማደሪያዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ውሉን ይሰርዛሉ፤ ይሁንና ማስረጃው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ አብሮ ያልፋል። ትምህርት ያቋረጠን ተማሪ በተመለከተ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ከግል ማደሪያዎች ይልቅ በአብዛኛው ለዘብ ያሉ ናቸው። በስልክ ወይም በውይይት የተሰጠ ተስፋ በውሉ ላይ ካልሰፈረ አያስተማምንም፤ መልሱን በኢሜይል መጠየቅና ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የማደሪያ ክፍያን ከቪዛው ገንዘብ ለይቶ ማየት

ለተማሪ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ከትምህርት ክፍያው በተጨማሪ እስከ ዘጠኝ ወር ለሚደርስ ጊዜ የኑሮ ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ መቀመጡን ማሳየት ይኖርበታል። ለዩኒቨርሲቲው ራሱ የተከፈለ የማደሪያ ቅድሚያ ክፍያ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ ከዚህ ገንዘብ ላይ ይቀነሳል፤ ለግል ማደሪያ የተከፈለው ግን አይቀነስም። ይህን ሳያውቅ ከዚያው ሒሳብ ላይ አውጥቶ ለግል ማደሪያ የሚከፍል ቤተሰብ በ28ቱ ቀናት መካከል ገንዘቡ ከሚፈለገው በታች እንዲወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ ቪዛም በዚህ ምክንያት ይከለከላል። ክፍያው ሲፈጸም ደረሰኙ የተማሪውን ስም፣ መጠኑንና የክፍያውን ምክንያት በግልጽ እንዲያሳይ መጠየቅ አይዘንጋ።

እንግሊዝ ውስጥ በ2019 ሥራ ላይ የዋለው የተከራዮች ክፍያ ሕግ በአብዛኛው የተማሪ ኪራይ ላይ የመያዣ ገንዘቡ (ዲፖዚት) ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ «የማመልከቻ ማስተናገጃ» የሚል ክፍያ ማስከፈልንም ይከለክላል። የግል ቤት አከራይ ደግሞ የተቀበለውን መያዣ በ30 ቀናት ውስጥ መንግሥት ባጸደቀው የመያዣ ጥበቃ ተቋም ማስመዝገብ አለበት።

ዋስን ወደ መጨረሻ ማሳደር

የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች በአብዛኛው ዋስ አይጠይቁም። ብዙ የግል ማደሪያዎች ግን በብሪታንያ የሚኖርና ገቢው የታወቀ ዋስ ይፈልጋሉ፤ ዋስ የሌለው ተማሪ ኪራዩን ቀድሞ በብዛት እንዲከፍል ወይም የዋስትና አገልግሎት ለሚሰጥ ድርጅት ክፍያ ፈጽሞ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ለንደን ያለ አጎት ወይም የቤተሰብ ወዳጅ ዋስ እሆናለሁ ቢል፣ ተማሪው መክፈል ቢያቅተው ዕዳው በእርሱ ላይ እንደሚወድቅ ሳይድበሰበስ ሊነገረው ይገባል። ዋስነት በትህትና ተጠይቆ በይሉኝታ የሚሰጥ ነገር መሆን የለበትም።

የጤና ሁኔታን መደበቅ

ቅጹ ላይ ስለ ጤናና ስለ አካል ጉዳት የሚጠይቀውን ክፍል ብዙዎች ቅበላዬን ይነካብኛል በሚል ፍርሃት ባዶ ይተዉታል። የ2010 የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርጉም ያስገድዳል። ደረጃ መውጣት የሚከብደው፣ መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያስቀምጥ፣ ወይም በሕመሙ ምክንያት የራሱ መታጠቢያ የሚያስፈልገው ተማሪ ይህን በጊዜው ካሳወቀና ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የሐኪም ማስረጃ ካያያዘ ቅድሚያ ሊያገኝ ይችላል። ክፍሎቹ ካለቁ በኋላ የሚነገር ችግር ግን መፍትሔው ይከብዳል። ዕድሜው 18 ያልሞላ ተማሪም ይህን አስቀድሞ መግለጽ አለበት፤ ለእርሱ የተለዩ ሕንፃዎችና ደንቦች አሉ።

ስምና ቀንን አለማመሳሰል

በማደሪያ ቅጹ ላይ የሚሞላው ስም በፓስፖርቱና በቅበላ ደብዳቤው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ የአባትና የአያት ስም አቀማመጥ ሲዘበራረቅ ቢሮው ማመልከቻውን ከተማሪው መዝገብ ጋር ማገናኘት ያቅተዋል። የልደት ቀንም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ቀኑ ከወሩ ቀድሞ ይጻፋል።

ያላዩትን ክፍል በማኅበራዊ ሚዲያ አምኖ መክፈል

ዘግይቶ የሚፈልግ ተማሪ የአጭበርባሪዎች ዋና ዒላማ ነው። ከገበያው እጅግ የረከሰ ኪራይ፣ ውል ሳይላክ ዛሬውኑ ይከፈል የሚል ውትወታ፣ ክፍሉን በቪዲዮ ለማሳየት ፈቃደኛ አለመሆንና በግለሰብ ስም የሚላክ ገንዘብ፣ አንዳቸው ብቻ ቢታዩ እንኳ ክፍያውን ለማቆም በቂ ምክንያት ናቸው። አስተዋዋቂው አማርኛ መናገሩ ወይም የአገር ልጅ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። የዩኒቨርሲቲው የማደሪያ ቢሮ ስለ አከራዩ ሲጠየቅ በአብዛኛው ይመልሳል፤ ዩኒቨርሲቲዎችና ትልልቅ የግል ማደሪያ ድርጅቶች የሚመዘገቡባቸው፣ በመንግሥት የጸደቁ የአሠራር ደንቦችም ስላሉ የድርጅቱን አባልነት ማጣራት ይቻላል።

«ክፍል የለም» የሚለውን መልስ እንደ መጨረሻ መውሰድ

ኦገስት ውስጥ የፈተና ውጤት ሲወጣ መስፈርቱን ያላሟሉ ወይም ሐሳባቸውን የቀየሩ ተማሪዎች የያዙት ክፍል ይለቀቃል፤ ትምህርት በሚጀመርባቸው ሳምንታትም ሳይመጡ የቀሩ ተማሪዎች ክፍሎች ይከፈታሉ። ስለዚህ ክፍል ያላገኘ ተማሪ ተስፋ ከመቁረጡ ወይም ውድ የግል ውል ከመፈረሙ በፊት በተጠባባቂ ዝርዝር እንዲገባ በጽሑፍ ይጠይቅ። ደብዳቤው አጭር ቢሆን ይበቃል፦ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ የሚችለውን ከፍተኛ ኪራይ፣ ክፍል ለመጋራት ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑን፣ የቪዛውን ሁኔታና የሚደርስበትን ቀን ይያዝ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጊዜያዊ ማረፊያ እንዳላቸውም በዚያው ደብዳቤ ይጠይቅ፤ ቢሮው ከፈቀደለት ቀኑንና ዋጋውን በኢሜይል አስረግጦ፣ የበረራ ቲኬቱን ከዚያ በኋላ ይቁረጥ።