ምድጃ ሳይለኮስ የሚሰናዳ፦ ፍራፍሬና ቺዝ በስቲክ

ከሁሉ በፊት የቀን መቁጠሪያውን እዩ። ጎንደር ውስጥ ዓርብ ቀን ቺዝ የተሰካበት ትሪ ይዛችሁ ብትዞሩ ግማሹ እንግዳ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ያሳልፋችኋል። ረቡዕና ዓርብን ማንም አይረሳም። የምታሳስተው የ3 ቀኗ ነነዌ ናት። ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም ብዙ ሰው ቀኑን ከወሰነ በኋላ ነው ትዝ የሚለው። ለእኔ ጥሩው ወቅት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። ሠርጉም፣ ልደቱም፣ ከውጭ ለመጣ ዘመድ የሚደረገው ግብዣም ያኔ ይበዛል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናትም አሉ። ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሐሳብ የለም፤ ማንጎውም ያኔ ይደርሳል።

በቤታችን ፍራፍሬና ቺዝ ቆርጦ ቀጭን እንጨት ላይ መሰካት የእኔ ሥራ ነው። ምርቃት ወይም ልደት ሲኖር ይደወልልኛል። አክስቴ መጀመሪያ ስታየው «አንቺ ልጅ፣ ሰው ጠርተሽ እንጨት ልታበይ ነው እንዴ?» ብላኝ ነበር። አሁን ዶሮው ሳይቀርብ ሰው እንዳይርበው ብላ የምታስታውሰኝ እሷ ናት። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ በድስት በተጨናነቀበት ቀን ከማንም ጋር ምድጃ አትሻሙም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቢላና ንጹህ ፎጣ ይበቃችኋል።

ለ30 ሰው ለእያንዳንዱ 2 ብትይዙ 60 ስቲክ ነው። ቺዙን በሁሉም ጎኑ 2 ሴንቲሜትር አድርጋችሁ ስትቆርጡት አንዱ 8 ወይም 9 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ቺዝ ውድ ነው፤ በአንድ ስቲክ አንድ ቁራጭ፣ ፍሬው ደግሞ 3 ይሁን። ቺዙ ከፍሪጅ እንደወጣ ቁረጡት። ከሞቀ ቢላው ላይ ይጣበቃል።

ጠንከር ያለና ጨው ያለው ቺዝ ምረጡ። ፕሮቮሎኔ ወይም ጎዳ ጥሩ ነው። ለፒዛ የሚሸጠው ሞዛሬላም እንጨቱ ላይ ይቆማል፣ ግን ጨው ያንሰዋል። «የራሳችን አይብስ?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። አይብ በስቲክ አይሆንም፣ ይፈረፈራል። በሻሽ ቋጥራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር ውሃው ይወጣል እንጂ ቢላ አይችልም። ግን አትተዉት። ያደረውን አይብ ከማር ጋር በደንብ ምቱትና በጎድጓዳ ሳህን ትሪው መሃል አስቀምጡት። እንግዳው ማንጎውን እየጠቀሰ ይበላዋል። እውነቱን ለመናገር ከቺዙ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ነክሶ መልሶ የሚጠቅስ አይጠፋምና ማንኪያ አብሮ ይቀመጥ።

ፍራፍሬውን ከቅዳሜ ገበያ በጠዋት ነው የምገዛው፣ ፀሐዩ ሳይመታው። ሻጯ «ለጁስ ነው?» ብላ ከጠየቀቻችሁ አይደለም በሏት። ለጁስ የሚመረጠው የላላ ፓፓያ እንጨት ላይ ሲወጣ ይቀደዳል። ሊበስል አንድ ቀን የቀረውን ውሰዱ። ማንጎ ክር የበዛበት ከሆነ ተዉት፤ ሰው ፊት ጥርስ ሲያስጎረጉር ይውላል። ብርቱካን ያንጠባጥባል። አቮካዶ ከነአካቴው አይሆንም። ሙዝ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ቆርጣችሁ ሎሚ እሹት፣ አለበለዚያ ይጠቁራል። ፖምም እንደዚሁ ሎሚ ይፈልጋል።

እኔን ካላችሁኝ ግን ከሁሉም ዘይቱን ነው። ከጨዋማ ቺዝ ጋር የሚሄደውን ያህል ሌላው አይሄድም። መሃሉ ፍሬ ብቻ ስለሆነ በማንኪያ አውጥታችሁ ዳር ዳሩን ተጠቀሙ። ሁለተኛው ሀብሐብ ነው።

አናናስ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጥሬ አናናስ ብሮሜሊን የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ፕሮቲን ይሰባብራል። ከቺዝ ጋር ተጣብቆ ብዙ ከቆየ ቺዙ ይላላል፣ ጣዕሙም መረር ይላል። ፓፓያም፣ በተለይ ያልበሰለው፣ የዚሁ ዓይነት ጠባይ አለው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመካከላቸው ወይን ወይም ፖም አስገቡ። የቆርቆሮ አናናስ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል፣ አያሰጋም። ብቻ ጭማቂውን አጥልሉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ውሃ። ይህ ምግብ የሚበላሸው በውሃ ነው። ፍራፍሬውን ከነልጣጩ እጠቡት፣ ሀብሐቡንም ጭምር። ቢላው ልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና። ከዚያ አድርቁት። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከላይም በሌላ ፎጣ ጫን ጫን አድርጉት። ሀብሐብ ፎጣውን ያርሰዋል፤ ቀይሩለት። ይህችን ሩብ ሰዓት የዘለለ ሰው ቺዙ የሚያዳልጥ፣ ትሪው ውሃ የተኛበት ሆኖ ያገኘዋል።

አሰካኩ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ጠንካራው ፍሬ፣ ፖም ወይም ዘይቱን፣ ከታች ይግባ፤ ሌላው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ቀጥሎ ቺዙ፣ ከዚያ ለስላሳው፣ ጫፉ ላይ ወይን። ከታች መያዣ የሚሆን ባዶ እንጨት ተዉ። ለአንድ ጉርሻ ብቻ ከሆነ ስቲኪኒ ይበቃል፤ አንድ ቺዝ፣ አንድ ፍሬ።

ልጆች ካሉ ሥራው ይለያል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ወይን አትስጡ፣ ያንቃል። በቁመቱ ለ4 ክፈሉለት። ለእነሱ እንጨት ሳይሆን ሳህን ነው የምሰጠው። ልጅና ሹል ነገር ይዞ ሩጫ አይስማሙም።

ጾመኛ እንግዳ በፍስክ ቀንም አይጠፋም፤ የንስሐ አባቱ ያዘዙት ይኖራል። ለእሱ በቺዙ ፋንታ ፍሬው ወጥቶ ለውዝ የገባበት ቴምር ስኩ። ለውዝ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቁ። የጾሙን መጀመሪያ ሥሩ፣ ቺዙን ከዚያ በኋላ። ቢላው ቺዝ ከነካ በኋላ የጾም ነገር መቁረጥ ደግ አይደለም። ትሪውም ለየብቻ ይሁን።

ከትሪ ይልቅ ሰፌድ ያምራል። ለድፎ ዳቦ የምንጠቀምበትን ኮባ አጥባችሁና አድርቃችሁ አንጥፉበት፣ ስቲኩን ከላይ ደርድሩ። ቀና ብሎ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ጥቅል ጎመን ለሁለት ቁረጡ፣ የተቆረጠውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ እንጨቶቹን ጀርባው ላይ ስኩ።

ፍራፍሬውን ጠዋት ቁረጡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቡ። መሰካቱ እንግዳ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን እየከፈታችሁ አትዩት፣ ቅዝቃዜው ይወጣል። ሁሉንም በአንዴ አታቅርቡ፤ ግማሹ ይውጣ፣ ሲያልቅ ሌላው። ለአዋቂዎቹ ማንጎው ላይ ሚጥሚጣ ነስነስ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ሳትጠይቁ አታድርጉት።

ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየውን ጣሉት፣ ለነገ ብላችሁ አታስቀምጡ። ከፍሪጅ ያልወጣው ግን ከእንጨቱ ተለቆ ቺዙ ለብቻ፣ ፍሬው ለብቻ ይቀመጥ። ፍሬው ለጠዋት ጁስ ይሆናል።