ሰንበርድን ወደ ግቢ ማስለመድ፤ ባሕር ዳር ላይ

አየር ላይ ቆሞ የአበባ ወለላ የሚመጥጠው ትንሹ ሀሚንግበርድ የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ወፍ ነው፤ ጣና ዳር ቢጠብቁት አይመጣም። እዚህ የአበባ ወለላ የሚመጥጡት ሰንበርድ የሚባሉት ትናንሽ ወፎች ናቸው። ሰንበርድ ግን አየር ላይ ቆሞ ከመምጠጥ ይልቅ አርፎ መምጠጥ ይወዳል፤ ማረፊያ የሌለው መጋቢ፣ ማለትም የስኳር ውሃ ተሞልቶ የሚሰቀልላቸው ዕቃ፣ ባዶውን ይውላል።

ተክሉ ይቅደም። እሬት፣ የፈረስ ዘንግ ወይም አበባው የጠርሙስ ብሩሽ የሚመስለው ቦትል ብራሽ ይተከል። ሙዝ ካለ የተንጠለጠለው አበባው ይጠራቸዋል። ድርብርብ ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለነሱ አይሆንም። ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ነፍሳትና ሸረሪት ነውና ፀረ ተባይ አይረጭ፤ ጎጇቸውን የሚያያይዙትም በሸረሪት ድር ስለሆነ ጥጋጥጉ ሁሉ አይጠረግ።

ለመጋቢው 1 ሲኒ ነጭ ስኳር በ4 ሲኒ ውሃ አሟሙቶ፣ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ነው። የጎጃም ማር እያለ ለምን ስኳር ይባላል። በውሃ የቀጠነ ማር ቶሎ ይቦካል፤ ጠጅ ስንጥል የምንፈልገው ይኸው ጠባዩ ወፏን ይጎዳታል። ቀለምም አይጨመር፤ ቀይ ክዳን ይበቃል።

ትንሽ ባለክዳን ፕላስቲክ ዕቃ ይወሰድና ክዳኑ ላይ 2 ሚሊሜትር የሚያህሉ ሦስት አራት ቀዳዳዎች ይበሱ። ከሰፋ ንብ ይገባና ይሰጥማል። ፈሳሹ ከክዳኑ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይሞላ፤ አንገቱ ላይ ቀጭን እንጨት አግድም ይታሰር። ጥላ ውስጥ፣ ድመት ከማትዘልበት ከፍታ ይሰቀል። ለጉንዳን፣ መስቀያውን ሽቦ በጠርሙስ ክዳን መሃል አሳልፎ ቀዳዳውን በሻማ ሰም መድፈንና ክዳኑን ውሃ መሙላት ነው። ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ላባ ላይ ከተጣበቀ ግን አይለቅም። ንብ ከወረረው ስኳሩ በ5 ሲኒ ውሃ ይቅጠን፣ መጋቢውም ጥቂት ሜትር ይዛወር።

በየ2 ቀኑ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት በየቀኑ። ከደፈረሰ፣ ቀኑ ባይደርስም ይደፋ።

ለማየት ጠዋት ከ12፡30 እስከ 3 ሰዓት ይመረጣል፤ 5 ሜትር ያህል ርቆ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ። ጥቁር ሆኖ ደረቱ ደማቅ ቀይ የሆነው፣ አረንጓዴ አብረቅራቂ ሆኖ ጅራቱ የረዘመው፣ ሆዱ ቢጫ የሆነው፤ ሦስቱም የተለያየ ዝርያ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ ደብዛዛ ስለሆኑ መለየቱ ይከብዳል። ወንዱ የባጃጅ መስታወት ሲደበድብ ከታየ ምስሉን ባላጋራ አድርጎት ነው፤ መስታወቱ ላይ ፌስታል ጣል ይደረግበት።